ጣሪያ ለተጫዋቹ፣ ሰማይ ለባለቤቱ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ዛሬ የምሟገተውን ስም ግን ያወጣው መልአክ ሳይሆን ቀጣሪ ነው።

የወንድሜ ልጅ በኮምፒውተር በሚካሄድ ምናባዊ የበረዶ ሆኪ ሊግ ውስጥ የአንድ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነው። ግጥሚያውን የሚያካሂደው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ የአባላቱ ድርሻ ተጫዋች ማስፈረም፣ መለዋወጥና ደመወዙን በተወሰነ ጣሪያ ሥር ማብቃቃት ነው። የሊጉን ደንብ እንድተረጉምለት ጠይቆኝ ስጀምር «ፍሪ ኤጀንት» ከሚለው ቃል ላይ ብዕሬ ቆመ። «ነጻ ተጫዋች» ልበለው? ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ «ሪስትሪክትድ ፍሪ ኤጀንት» መጣ፤ ቃል በቃል «ነጻነቱ የተገደበ ነጻ» መሆኑ ነው! ለመሆኑ ሰው ታስሮ ሳለ ነጻ የሚባለው በየትኛው ቋንቋ ነው?

ደንቡ የተቀዳው ከሰሜን አሜሪካው ኤን ኤች ኤል ነው። እዚያ ወጣቱ በ18 ዓመቱ በድራፍት ሲገባ ቡድኑ ይመርጠዋል እንጂ እርሱ ቡድኑን አይመርጥም። የመጀመሪያ ውሉ አልቆ ሌላ ቡድን የተሻለ ደመወዝ ቢያቀርብለት እንኳ፣ የቀድሞው ቡድን ያንኑ ያህል ከፍሎ ሊያስቀረው ይችላል። በአብዛኛው ወደፈለገበት መሄድ የሚችለው 27 ዓመት ሲሞላው ወይም 7 የውድድር ዘመን ካገለገለ በኋላ ነው።

ጣሪያውም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2004 የቡድን ባለቤቶች በተጫዋቾቹ ላይ የሥራ በር ዘጉ፤ የ2004–05 የውድድር ዘመንም ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በ2005 በተደረሰው ስምምነት የመጀመሪያው ጣሪያ ለአንድ ቡድን 39 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ቀድሞ ከተፈረሙት ውሎች ላይ 24 በመቶ ደመወዝ ተቆረጠ። በ2012 በሩ እንደገና ተዘጋ፤ ሲከፈት የተጫዋቾቹ ድርሻ ከሊጉ ገቢ 57 በመቶ የነበረው ወደ 50 ወርዶ ነበር።

«ጣሪያው ባይኖር ሀብታሙ ቡድን ሁሉን ይጠቀልል ነበር» ይሉናል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ጣሪያው ወለልም አለው። ለ2025–26 ጣሪያው 95.5 ሚሊዮን፣ ወለሉ 70.6 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ተወስኗል። ነገር ግን ቡድኖችን ማመጣጠን ገቢን በሰፊው በመካፈልም ይቻላል። የእኩልነቱ ዕዳ በቅድሚያ ከተጫዋቹ ኪስ የሚከፈለው ስለ ምን ነው? የባለቤቱ ትርፍ ጣሪያ የለውም፤ ቡድኑን ሲሸጥ የሚያገኘው ዋጋም እንዲሁ። «ሚሊየነሮች ናቸው፣ ምን ያሳዝናሉ?» ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው፦ ተጫዋቹ ያልወሰደው ገንዘብ ለድኻ አይመጸወትም፤ ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል።

በምናባዊው ሊግ ውስጥ ጣሪያው ፍትሐዊ መሆኑን አልክድም። በዚያ ደመወዝ የማንንም ቤት አያስተዳድርም፤ ጣሪያው የሚፈትነው የሥራ አስኪያጁን ብልሃት ብቻ ነው። ችግሩ እዚያ ሁሉም አለቃ መሆኑ ነው፤ አንድም ሠራተኛ የለም። ከዚያ ወንበር የተነሣ ወጣት የአለቃን ዓይን ይዞ ይወጣል። የወንድሜ ልጅ ስለ አንድ እውነተኛ፣ ጉዳት ስለደረሰበት ተጫዋች ሲያወራ «ውድ ነው፤ ይጣል» ሲለኝ ደነገጥኩ። ያ ሰው እኮ ጉልበቱን ሸጦ የሚኖር ነው፤ እንደ እኔ፣ ነገም እንደ ልጁ።

ደንቡን ተርጉሜ ሰጥቼዋለሁ። «ፍሪ ኤጀንት» የሚለውን «ውሉ ያለቀ ተጫዋች» ብዬዋለሁ፤ ሁለተኛውን ደግሞ «ውሉ ያለቀ፣ የቀድሞ ቡድኑ ግን ሊያስቀረው የሚችል ተጫዋች»። ረዘመብኝ ብሎ አጉረመረመ። ይርዘም! «ነጻ» የሚለውን ቃል ግን ለቀጣሪ አላውሰውም።