ሚዛኑ ይታይ፣ ዋጋው ይለጠፍ፣ ደረሰኙ ይሰጥ

ርዕሰ አንቀጽ



ዘይቱም ስኳሩም ሳሙናውም ንፋስ መውጫ የሚደርሰው ከወረታ ወይም ከወልዲያ በኩል በመኪና ተጭኖ፣ ከአንዱ ነጋዴ እጅ ወደ ሌላው እያለፈ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ታሸገ፣ ምን እንደ ተቀላቀለበት የምናውቀው ነገር የለም። ሻጩ ግን ቢያንስ ከማን እንደ ገዛውና በስንት እንደ ገዛው ያውቃል። አንዱ እያወቀ ሌላው ሳያውቅ የሚገበያይበት ቦታ ላይ ሕግ ከሌለ፣ የሚጎዳው ሁልጊዜ የማያውቀው ወገን ነው። ሸማቹ የሕግ ጥበቃ የሚያስፈልገው በዚህ የተነሣ ነው እንጂ፣ ነጋዴ ሁሉ አታላይ ስለሆነ አይደለም።

ማታለሉ ግን አለ። የገበያ ግርግር ለሌባ ይመቻል ይባል የለ! በርበሬ ውስጥ የሸክላ ጡብ ብናኝ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር እየቀላቀሉ የሚሸጡ ሰዎች በየከተማው ሲያዙ ሰምተናል። እንጀራ ውስጥ ጀሶ መጨመሩንም አገር ያወቀው ነው። ይህ በኪስ ብቻ የሚያልፍ ጉዳት አይደለም፤ የልጆቻችን ሆድ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አስቀምጦት ነበር። ሸማቹን በስሙ ጠርቶ የሚጠብቅ አዋጅ፣ ቁጥር 685፣ በ2002 ዓ.ም. ወጣ። እሱን የተካው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ታወጀ። ይህ አዋጅ ሸማቹ ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው ደነገገ። ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ ቦታ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ አዘዘ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንዲችልም ፈቀደ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው አንድ ነገር አለ። ዕቃ አይቶና ዋጋ ተከራክሮ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው እንዳይገደድ፣ እንዳይሰደብና እንዳይዋረድ ይኸው አዋጅ ይከለክላል። ከገጠር በእግሯ ደክማ የመጣች እናት ዋጋ ስለ ጠየቀች ብቻ «ካልገዛሽ ዞር በይ!» ስትባል ዝም ብለን የምናልፍ ሰዎች፣ ይህን ማወቅ ይገባናል።

አንዳንዶቻችን «ታዲያ መንግሥት ለምን ዋጋውን ራሱ አይቆርጥም?» እንላለን። ተሞክሯል እኮ! በ2003 ዓ.ም. በበርካታ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጥሎ ነበር። ዕቃው ከመደርደሪያ እየጠፋ ስላስቸገረ፣ በአብዛኞቹ ላይ የነበረው ተመን በዚያው ዓመት ተነሣ። እንግዲህ ሕግ ኑሮን በአንድ ቀን አያረክስም። ሊያደርግልን የሚችለው፣ የአንድ ኪሎ ከፍለን አንድ ኪሎ፣ የበርበሬ ከፍለን በርበሬ እንድንወስድ ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

መብት ካለ ግዴታም አለ። ሕጉ በወረቀት ላይ ተቀምጦ እኛ ካልጠየቅን ማንን ይጠብቃል? ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ዕቃው ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን እንይ። በጣሳ ወይም በስኒ ሲሰፈርልንም ጣሳው እንዳልተቀጠቀጠ፣ ስኒው ከሥሩ እንዳልተሞላ እናረጋግጥ።

ሁለተኛ፣ የታሸገ ዕቃ ላይ ያለውን ቀን እናንብብ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማሸጊያው ላይ 2024 የሚል የማብቂያ ዓመት ያየ ሰው ገና ብዙ ዓመት ቀርቶታል ብሎ ይገዛል፤ ነገር ግን በእኛ አቆጣጠር 2016 ወይም 2017 ማለት ነው። የተበላሸ ዘይትና የሕፃናት ወተት በዚህ ስሕተት ቤታችን ሊገባ ይችላል። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም እናንብብለት።

ሦስተኛ፣ የተፈጨ በርበሬ ብንጠራጠር ትንሽ ቆንጥረን ብርጭቆ ውኃ ላይ እንበትን። የጡብ ወይም የአፈር ብናኝ ወዲያው ወደ ታች ይዘቅጣል።

አራተኛ፣ ደረሰኝ እንቀበል። «ያለ ደረሰኝ ላርክስልሽ» ሲባል ደስ ይላል፤ ዕቃው የተበላሸ ሲሆን ግን በእጃችን ማስረጃ የለም።

አምስተኛ፣ እኛም እውነተኞች እንሁን። በራሳችን ጥፋት የሰበርነውን ዕቃ መልሰን ለነጋዴ አንውሰድ። «ጨው ሊጠፋ ነው» የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር ለዓመት የሚሆን አንሸምት፤ ያኔ ዋጋውን የምናስወድደው እኛው ነን። ማስረጃ ሳንይዝም የሰው ስም አናጥፋ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ በመጣ ጊዜ ነጋዴውም ሸማቹም አብሮ ተጎድቷል። ትክክል የሚሠራው ባለ ሱቅ ወገናችን ነው፤ አጭበርባሪው የሚጎዳው እሱንም ጭምር ነው።

በደል ሲደርስ ደግሞ ቡና ላይ ተማርሮ መቅረት አይበቃም። ደረሰኙንና ዕቃውን ይዞ መጀመሪያ ሻጩን ማነጋገር፣ እንቢ ካለም ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ «ነገረኛ» ይባል ይሆናል፤ አምስት ሆነን ስንሄድ ግን ጉዳዩ የሠፈር ጉዳይ ይሆናል።

በዓለም ዙሪያ መጋቢት 6 የሸማቾች መብት ቀን ሆኖ ይታሰባል። እኛ እስከ መጋቢት መጠበቅ የለብንም። ማኅበራችን አንድ የታመነ ሚዛን ገዝቶ በገበያ ቀን በሩ ላይ ቢያቆምና የተጠራጠረ ሁሉ የገዛውን እያመጣ ቢያስመዝን ምን ይመስላችኋል? ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ብናዋጣ የሚከብደን አይመስለንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። መጥታችሁ እንድትመክሩበት በአክብሮት እንጠይቃለን።