የሰጠ ሁሉ ያዝዛልን?

ከክፍል ጓደኞቼ መካከል «ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሀብታም» ብሎ የማይመልስ ጥቂት ነው። «ከዚያስ በኋላ?» ሲባል ደግሞ «ለድኾች እሰጣለሁ፤ ትምህርት ቤትም አሠራለሁ» ይላል። መልሱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከስጦታው በኋላ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሰጠ ሰው በሰጠው ነገር ላይ ምን ያህል ማዘዝ ይገባዋል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ቤት እየሠሩ በመሸጥ በከበሩ በአንድ አሜሪካዊ ሕይወት ልመረምረው እወዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ኤሊ ብሮድ በ1933 በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሊትዌንያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ አባታቸው ቤት ቀቢ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ። ገና ልጅ ሳሉ ቤተ ሰቡ ወደ ዲትሮይት ስለ ተዛወረ በዚያ በመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1954 ከሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርስቲ ተመርቀው የሒሳብ አዋቂ ሆኑ።

በ1957 ከባለቤታቸው ወላጆች 25,000 ዶላር ተበድረው ከሚስተር ዶናልድ ካውፍማን ጋር የቤት ሥራ ኩባንያ አቋቋሙ። በዚያ አገር ከቤቱ ሥር ምድር ቤት መቆፈር የተለመደ ነበር። እሳቸው ግን ምድር ቤቱን አስቀሩት። ወጪው ስለ ቀነሰም አዲስ ጎጆ የወጣ ሠራተኛ ለኪራይ ይከፍል ከነበረው ባነሰ ወርኀዊ ክፍያ ባለቤት ለመሆን ቻለ። በ1971 ደግሞ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ በ52 ሚሊዮን ዶላር ገዙ፤ ይህም አድጎ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢዲዝ ሀብታቸውን ወደ መስጠት አዘነበሉ። በ2021 እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ የሰጡት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የበሽታን ምንጭ ከሰው የዘር ቅንጣት የሚመረምረው ብሮድ ኢንስቲትዩት በእነሱ ገንዘብ ተቋቋመ። በሎስ አንጀለስም በ2015 የሥዕል ሙዚየም ሠርተው ማንም ሰው ያለ ክፍያ ገብቶ እንዲያይ አደረጉ። ይህን ሁሉ ማመስገን እንጂ መንቀፍ አይቻልም።

ክርክሩ የመጣው በትምህርት ቤቶች ነገር ነው። በዚያው በ2015 የበጎ አድራጎት ድርጅታቸው ያዘጋጀው አንድ ዕቅድ በጋዜጣ ወጣ። ዕቅዱ በ8 ዓመት ውስጥ ከሎስ አንጀለስ የመንግሥት ተማሪዎች ግማሾቹን «ቻርተር» ወደሚባሉ ትምህርት ቤቶች ለማስገባት ያሰበ ሲሆን 490 ሚሊዮን ዶላር ይጠይቅ ነበር። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ገንዘብ ይካሄዳሉ፤ የሚመራቸው ግን ሕዝብ የመረጠው የትምህርት ቦርድ ሳይሆን የራሳቸው አስተዳደር ነው። መምህራኑ ተቃወሙ፤ ሙዚየሙ በተከፈተበት ቀንም በደጃፉ ተሰልፈው ድምፃቸውን አሰሙ። በ2016 የከተማው የትምህርት ቦርድ ዕቅዱን እንደማይቀበል ወሰነ።

የሚስተር ብሮድን ሐሳብ በቅንነት መመልከት ይገባል። የድኻ ልጆች በደካማ ትምህርት ቤት ሲቀሩ አይተው ቸኮሉ፤ መቸኮላቸውም ከክፋት አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ2002 ጀምሮ የድኾችን ልጆች ውጤት ላሻሻሉ የከተማ ትምህርት ቤቶች ሽልማት ይሰጡ ነበር፤ ገንዘቡም ለተማሪዎች የኮሌጅ መማሪያ ይውል ነበር።

ሆኖም በክርክር ክበባችን ውስጥ ይህን ጉዳይ ባነሣሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ «በራሱ ገንዘብ ማን ምን አገባው?» አለኝ። መልሴ ይህ ነው። ምድር ቤት የሌለውን ቤት ያልወደደ ገዢ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። ሙዚየሙን ያልወደደም ሳይገባ ያልፋል። የከተማ ትምህርት ቤት ግን እንደዚህ አይደለም። ልጁን ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት መላክ የወደደ ወላጅ ቢልክም፣ የመንግሥቱ ገንዘብ ተማሪውን ተከትሎ ስለሚሄድ በቀድሞው ክፍል የቀረው ልጅም ይነካል። እንግዲህ የማይወጡበት ቤት ሲሠራ የሚኖሩበት ሁሉ ሊጠየቁ ይገባል።

ይህን ከሩቅ አገር ብቻ አልተማርሁትም። ባለፈው ዓመት ወላጆቻችን ለክፍላችን ጣራ ማደሻ ገንዘብ ሲያዋጡ አንድ አባት ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ሰጡ። ሁላችንም አጨበጨብን። ሥራው በየትኛው ክፍል ይጀመር የሚለው በድምፅ ሲወሰን ግን እሳቸው እጃቸውን እንደ ማንኛውም ወላጅ አንድ ጊዜ ብቻ አወጡ። ሐሳባቸውም ተሸነፈ። በማግሥቱ ሠራተኞቹ ጣራ ላይ ሲወጡ እሳቸው ከታች ቆመው ቆርቆሮ ሲያቀብሉ አየኋቸው። ከሰጡት ገንዘብ ይልቅ ይህ ሥራቸው በልቤ ቀርቷል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የአንድ ከተማ ልጆች ትምህርትም ለአንድ ሰው፣ ያ ሰው የቱንም ያህል ብልህና ቸር ቢሆን፣ ከባድ ሸክም ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ሀብት ለማግኘት ትጉ፤ ስታገኙም ስጡ። ለትምህርት ቤት ለመስጠት በመጣችሁ ጊዜ ግን ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት በወላጆች ስብሰባ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ መምህራኑንና ወላጆቹን አድምጡ፤ ቢቻል ተማሪዎቹንም ጠይቁ። ስጦታ ምስጋናን ያተርፋል፤ የሌላውን ሰው ድምፅ ግን ሊገዛ አይገባውም።