ቅርሳችን ግንቡ ብቻ ነው እንዴ?

ለወንዶ ገነት የፍል ውኃ ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ፣ ወደ ፍል ውኃው በሚወስደው መንገድ ዳር የቆሙት አሮጌ ዝግባዎችና ዋንዛዎች ተቆርጠው ሱቆች ይሠሩ የሚል አሳብ ቀርቧል። አሳቡን ያቀረቡት ወገኖች፣ ቅርስ ማለት የንጉሡ ቤት ነው፣ ዛፍ ግን ቅርስ አይባልም ብለው ተከራክረዋል። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ እኛም የምንለውን በዚህ ሰሌዳ ላይ እንላለን።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ የነበረው፣ ኋላም ሆቴል የሆነው ቤት ታሪክ አለው፤ አንክድም። ግን ንጉሡን እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው? ግንብ ፍለጋ ነው እንዴ? ግንብማ አዲስ አበባም ሞልቷቸው ነበር። ያመጣቸው ከተራራው ሥር የሚፈልቀው ፍል ውኃና የዛፉ ጥላ ነው። ዛሬም እንግዳ የሚመጣው ገላውን ሊታጠብ፣ ጉሬዛውን ሊያይ፣ ድንችና በቆሎ በፍል ውኃው ቀቅሎ ሊበላ ነው። ጥላውን ቆርጠን ሱቅ ብንደረድር ለማን ልንሸጥ ነው?

ደኑ አያልቅም የሚሉም አሉ። በሐዋሳ ዙሪያ ባለው የስምጥ ሸለቆ አገር በተደረገ ጥናት፣ በ1964 ዓ.ም. የተፈጥሮ ደን ከመሬቱ ከመቶ 16 እጅ ይሸፍን ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 እጅ እንኳ አልሞላም። በሃያ ስምንት ዓመት ማለት ነው! ከእኛ ተራራ የሚወርደው ውኃ ይገባበት የነበረው የጨለለቃ ሐይቅም ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ሐይቅ መሆኑን ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጫት ገንዘብ ያመጣል፤ የስንቱ ቤት የልጅ ደብተር የሚገዛው በእሱ ነው። ጫት ተካዩን አንወቅስም። ነገር ግን ጫትም ውኃ ይጠጣል። ተራራው ከተራቆተ ውኃውን ማን ይይዝለታል?

ደግሞስ ዛፍ ቅርስ አይደለም ያለው ማነው? በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ በዓል ላይ ሽማግሌዎች ሕዝቡን ከሚመክሩት አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው። እዚሁ ደጃችን ያለው የደን ኮሌጅም ከመላው አገር ልጆችን ተቀብሎ ደን ያስተምራል። ሌላው ከሩቅ መጥቶ የሚማረውን እኛ በመጥረቢያ እናጥፋው?

በመሆኑም ለስብሰባው የምናቀርበው ይህ ነው፤

1ኛ/ የመንገድ ዳሩ ዛፎች አይቆረጡ። ሱቁ አያስፈልግም አላልንም፤ ዛፍ የሌለበት ባዶ ቦታ ይፈለግለት።

2ኛ/ በመጪው ክረምት እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ ዋንዛ፣ ዝግባ ወይም ጥቁር እንጨት ይትከል። ባሕር ዛፍ አይቆጠርም።

3ኛ/ የምንጮቹንና የትልልቆቹን ዛፎች ስምና ታሪክ ከአባቶችና ከእናቶች እየጠየቅን በማኅበሩ መዝገብ እናስፍር። እነሱ ካለፉ በኋላ የሚነግረን የለም።

የተቆረጠ ዝግባ ስብሰባ ተጠርቶ አይመለስም። ስለዚህ ቤት ተቀምጦ ከማማት በስብሰባው ተገኝቶ እጅ ማውጣት ይሻላል። ሁላችሁም እንድትገኙ በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ