ዴቢያን 13፦ ሰዓቱን አስተካክሎ የመጣ እንግዳ

በ2030 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ ጊዜን በ32 ቢት የሚቆጥሩ የዩኒክስ ዝርያ ሥርዓቶች የቁጥራቸው ዳር ላይ ይደርሳሉ። እነዚህ ሥርዓቶች ጊዜን የሚለኩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ሲሆን፣ ሊይዙት የሚችሉት ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ቆጠራው ወደ አሉታዊ ቁጥር ይገለበጥና ኮምፒውተሩ ራሱን በ1894 ዓ.ም. ያገኘዋል።

ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13፣ በቅጽል ስሙ «ትሪክሲ»፣ ከሁሉ በፊት ትኩረታችንን የሳበው በዚህ ጉዳይ ነው። ከአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት በቀር በሁሉም ላይ የጊዜ ቆጠራው ባለ64 ቢት ሆኗል። አዲሱ ቆጣሪ 292 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይዘልቃል፤ ይህም ከዩኒቨርስ ዕድሜ ከ20 እጥፍ በላይ ነው።

ሥርዓቱን 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭነን ሞከርነው። ከቀረቡት ዴስክቶፖች መካከል ጂኖም 48 እና ኬዲኢ ፕላዝማ 6.3 ያማሩ ቢሆኑም፣ እኛ የመረጥነው ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ 4.20 ነው። ገጽታው ጌጥ አያበዛም፤ ሥራውን ግን አያጓትትም። የአማርኛ መጻፊያውንም አክለን ይህን ጽሑፍ በዚያው ላይ አዘጋጅተናል።

ቅር የሚያሰኝ ነገርም አለ። ከላይ በቀር ያልነው ባለ32 ቢቱ የኢንቴል ዝርያ ከእንግዲህ ዴቢያን 13 በቀጥታ አይጫንበትም። አሮጌ ዕቃ በሚከበርበት አገር ይህ እንደ ክህደት ሊቆጠር ይችላል። እኛ ግን ውሳኔው ትክክል ነው እንላለን፤ ሰዓቱ እንደሚሳሳት እየታወቀ ለተማሪ ማሽን ማስረከብ አይገባምና። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩን ከመጣል በፊት መመርመር ያሻል። ባለ64 ቢት ፕሮሰሰር እያላቸው ባለ32 ቢት ሥርዓት ብቻ ተጭኖባቸው የኖሩ ማሽኖች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር አርጅቷል ቢባልም ገና አልተሠራበትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን ሌላ ነው። በቤተ ሙከራ አንድን መሣሪያ የምናምነው እንዴት እንደሚለካ ስናውቅ ነው። ቴርሞሜትርን ሳናስተካክል ንባቡን የማንቀበል ሰዎች፣ የስሌታችንን መሣሪያ ውስጡን ሳናይ፣ አልፎ አልፎም ያለፈቃድ በተባዛ ቅጂ፣ ስለምን እንቀበላለን? የዴቢያን ምንጭ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የጊዜ ቆጠራው ስሕተት የታረመውም በብዙ በጎ ፈቃደኞች እጅ፣ ቀኑ ከመድረሱ ከ12 ዓመት በፊት ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቻችን፣ ሥርዓቱን ዲስካችሁን ሳትነኩ ከፍላሽ ዲስክ አስነሥታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ስትሞክሩም የዴስክቶፑ የአማርኛ ትርጉም ገና እንዳልተሟላ ታያላችሁ። በእኛ እምነት ይህ ክፍተት የማማረሪያ ሰበብ ሳይሆን ለእናንተ ክፍት የተተወ ሥራ ነው። ከተጠቃሚነት ወደ ሠሪነት የሚወስደው መንገድ አንዲት ቃል በትክክል ከመተርጎም ሊጀምር ይችላል።