ፎቶግራፍ አንሺው ሲያርፍ ሣጥኑን ማን ይከፍተዋል?

ከጦር ሰፈራችን በር ፊት ለፊት ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት ከፍተው ይሠሩ የነበሩት አዛውንት ባለፈው ክረምት ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የዚህ ዓምድ አንባብያን ታስታውሳላችሁ። ከአንድ ትውልድ የሚበልጥ ወታደር ለመታወቂያው የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ የተነሣው፣ ሙሽሮቻችንም ከነሚዜዎቻቸው ተሰልፈው የቆሙት በእርሳቸው ቀለም ቅብ መጋረጃ ፊት ነበር። አርባቸው ከወጣ በኋላ ባለቤታቸውን ልጠይቅ ጎራ ብል፣ ፊልም የሚያጥቡባት ጠባብ ጨለማ ክፍል እስከ ጣሪያዋ ድረስ በካርቶን ተሞልታ አገኘኋት።

«ልጄ የመቶ አለቃ» አሉኝ፤ «የቤቱ ኪራይ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ለካሜራው ገዢ አላጣሁም። ይህንን ግን ምን ላድርገው? ወንድሜ አቃጥዪውና ተገላገዪ ይለኛል። የሰው ፊት እንዴት አድርጌ አቃጥላለሁ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። «ጥቂት ቀን ይታገሡኝ እማማ» ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቷ በግዳጅ ላይ የወደቀባት አንዲት እህታችን ወደዚያው ቤት መጣች። በእጇ የቀረላት የባሏ ምስል የአውራ ጣት ያህል ስፋት ያለው አንድ ጉርድ ብቻ ነው፤ በለቅሶው ድንኳን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ፊቱ ደብዝዟል። ልጇ አባቱ ሲሞት ገና ጡት አልጣለም ነበር። አሁን ግን ነፍስ እያወቀ ስለ ሆነ፣ ኔጋቲቩ ከተገኘ አስጎልታ በግድግዳ ላይ ልትሰቅልለት አሰበች። ከፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ነበር። ሟቹ ደግሞ መዝገብ የሚይዙ የሥራ ሰው ነበሩ። ሦስታችን ከጠዋት እስከ ቀትር ካርቶን ስናወርድና ስናወጣ ውለን፣ ያንኑ ቁጥር የያዘች የወረቀት ፖስታ አገኘን። እህታችን ፊልሟን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ስትመለከት ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ታየ፤ እርሷ ግን ወዲያው አወቀችው።

እንዲህ ያለው ጭንቅ ስማቸው በዓለም የታወቀውን የካሜራ ሰዎች እንኳ አላለፋቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 በተካሄደው የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት፣ የሀንጋሪ ተወላጁ ሮበርት ካፓ፣ የጀርመን ተወላጅዋ ጌርዳ ታሮ፣ እንዲሁም ቺም በሚለው ስም የሚታወቀው የፖላንድ ተወላጅ ዴቪድ ሲይሙር ከሪፐብሊኩ ጦር ጎን ሆነው ግንባሩን በፊልም ይመዘግቡ ነበር። ሦስቱም ሕይወታቸው ያለፈው በጦር ሜዳ ነው። ታሮ በ1937 በብሩኔቴ ውጊያ በማፈግፈግ ላይ ሳለች ታንክ ገጭቷት ሞተች፤ 27 ዓመት አልሞላትም። ካፓ በ1954 በኢንዶቺን ፈንጂ ረገጠ። ቺም በ1956 የስዊዝ ጦርነት ተኩስ ከቆመ በኋላ በመትረየስ ተመታ።

ካፓ በ1939 ፓሪስን ለቆ ወደ ኒው ዮርክ ሲሻገር ኔጋቲቮቹ በሥራ ክፍሉ ቀርተው ነበር። የጨለማ ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ኢምሬ ቫይስ የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ ሲቃረብ ፊልሞቹን በጀርባው አዝሎ በብስክሌት ወደ ቦርዶ ከተማ ወረደ፤ በዚያም በመንገድ ላይ ላገኘው አንድ የቺሊ ተወላጅ፣ በቆንስላው እንዲያስጠብቅለት አደራ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ የፊልሞቹ ደብዛ ጠፋ። ካፓ ሞተ፤ ዓመታት አለፉ። ወንድሙ ኮርኔል ካፓ ፍለጋውን አልተወም፤ በ1979 ያሉበትን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንዲያመለክት በአንድ የፈረንሳይ መጽሔት ላይ ጥሪ እስከ ማሳተም ደረሰ።

በኋላ እንደ ተደረሰበት፣ ሣጥኖቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ዘንድ የሜክሲኮ አምባሳደር በነበሩት በጄኔራል ፍራንሲስኮ ሃቪየር አጊላር ጎንሳሌስ እጅ ገብተው ወደ ሜክሲኮ ተሻግረዋል። ጄኔራሉም ሞቱ፤ ሣጥኖቹም በውርስ ተላለፉ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 2007 ኮርኔል በኒው ዮርክ ወዳቋቋመው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ማዕከል ሲደርሱ፣ በሦስቱ ሣጥኖች ውስጥ 4500 ያህል ኔጋቲቮች ተገኙ። ቫይስ ራሱ ከስደት በኋላ ኑሮውን የመሠረተው በዚያችው በሜክሲኮ ሲቲ ነበር። በጀርባው ያዘላቸው ፊልሞች በሚኖርባት ከተማ ተቀምጠው ሳለ፣ ከዚያ ከመውጣታቸው ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት አረፈ። ኮርኔል ግን ደረሰባቸው፤ እርሱም በተከታዩ ዓመት ሞተ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ የሣጥኖቹ አሠራር ነው። ውስጣቸው በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በክዳናቸው ላይ የየጥቅሉ ይዘት በእጅ ጽሕፈት ተመዝግቦ ነበር። ጥቅሎቹ በዚህ ሥርዓት በመገኘታቸው ማን ምን እንዳነሣ ለመለየት ረድቷል፤ ለካፓ ሲቆጠሩ የኖሩ አንዳንድ ሥራዎችም ለታሮ ተመልሰውላታል። ከሞተች ከ70 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከአገራችን ጋር የተያያዘው የኬንያዊው የመሐመድ አሚን ታሪክ መልኩ ሌላ ነው። በ1977 ዓ.ም. የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የግራ ክንዱን ያጣው እርሱ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈ። ይሁን እንጂ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅቱንና የፎቶግራፍ ክምችቱን ናይሮቢ ላይ የተረከበ ሳሊም የሚባል ልጅ ነበረው። ሥራው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ወራሽ ስለ ነበረ፣ ያንን ክምችት ፍለጋ በሌላ አገር መንከራተት አላስፈለገም።

ሕጉ ስለዚህ ነገር የሚለው አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 መሠረት፣ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መስቀልም ሆነ አባዝቶ መሸጥ አይቻልም። በሌላ በኩል የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን የገንዘብ ጥቅም ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመታት ለአንሺውና ለወራሾቹ ይጠብቃል። ይህም ማለት ወይዘሮዋ ካርቶኖቹን ወርሰዋል፤ በውስጣቸው ባሉት ፊቶች ግን እንደ ልባቸው ሊነግዱ አይችሉም። እርሳቸው ሕጉን ሳያነቡ የደረሱበት ሐሳብ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ከሕግ ይልቅ ቶሎ የሚቀድመው እርጥበት ነው። በካርቶኖቹ ሥር የነበሩት ፊልሞች ሻጋታ በልቷቸው እርስ በርስ ተጣብቀው አገኘናቸው። እንዲህ ሲሆን በደረቁ ለማላቀቅ መታገል ምስሉን ከፊልሙ ላይ ገሽልጦ ያወጣዋል። ኮምጣጤ የሚሸት ፊልም መበላሸት ጀምሯልና ከጤነኞቹ ተለይቶ ይቀመጥ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ አሮጌ ፊልም ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ናይትሬት ሊሆን ስለሚችል ከምድጃና ከሻማ ይራቅ። ለቀረው ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ንጹሕ የወረቀት ፖስታ፣ ጠርዙን ብቻ የሚይዝ እጅ ይበቃል። ቁም ሣጥን ከወጥ ቤት ግድግዳ ጋር ያስጠጋችሁ እናቶች ብታርቁት መልካም ነው።

በስልክ ፎቶግራፍ የምንነሣ ወጣቶች ይህ የአሮጌ ሰው ነገር ይመስለን ይሆናል። እኔ ራሴ በስልኬ ውስጥ ስንት ምስል እንዳለኝ አላውቅም፤ የመክፈቻ ቁጥሩንም ከእኔ በስተቀር የሚያውቅ የለም። ወይዘሮዋ ይህንን ስነግራቸው ሳቁብኝና፣ «የእኔ ባል ሣጥን እንኳ ያለ ቁልፍ ይከፈታል» አሉኝ።

በወይዘሮዋ ፈቃድና በክፍሉ አዛዥ ትእዛዝ ካርቶኖቹ አሁን በክበባችን ቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል ተቀምጠዋል፤ መዝገቡም አብሮ አለ። ከሰባቱ ካርቶኖች የተለቀሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወይዘሮዋ ራሳቸው ይገኛሉ። ከጀርባው ቁጥር ያለው ፎቶግራፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቁጥር የሌላችሁም ብትሆኑ የተነሣችሁበትን ዓመት ብትነግሯቸው ይፈልጉላችኋል። እርሳስ እኛ እናቀርባለን።