ስለ ኀዘንና ስለ ዕንባ

የወንድ ልጅ ዕንባው ወደ ሆዱ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን እንኳ «ጠንክር፥ አታልቅስ፥ ሰው ይስቅብሃል» ይሉታል። ይህንንም የሚሉት በክፋት አይደለም፤ ልጁ ብርቱ እንዲሆን አስበው ነው። ምክራቸው ግን ትክክል አይደለም። ኀዘንና ፍርሃት ቍጣም እንደ ረኃብና እንደ ጥም ከሰው ባሕርይ ጋር አብረው ያሉ ናቸው። አትራብ በማለት ረኃብ እንደማይቀር ሁሉ፥ አትዘን በማለትም ኀዘን አይቀርም።

የአገሩ ልማድ ይህን አስቀድሞ ያውቃል። በአቃቂና በቃሊቲ ሰው ሲሞት እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፥ አግዳሚ ወንበር ያመጣል፤ ጎረቤትም ሥራውን ትቶ ከኀዘንተኞች ጋር ይቀመጣል። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ገና ከደጅ ሳለ እየጮኸ ያለቅሳል፤ በድንኳኑ ያሉትም ተነሥተው አብረውት ያለቅሳሉ። ወዲያው ዝም በል የሚለው የለም። ልቅሶው ሲረዝም ግን ሽማግሌዎች «ይበቃል፥ ይበቃል» ይላሉ፤ እርሱም ይቀመጣል፥ ንፍሮና ቡናም ይቀርብለታል። ለቀስተኛው ሲነሣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይሄዳል። ከዚያም ሠልስት አለ፥ ዐርባ አለ፥ ሙት ዓመት አለ። አንዳንዶች ይህ ሁሉ ጊዜ ማጥፋት ነው ይላሉ። ስለ ድግሱ ወጪ ቢሆን እውነት አላቸው፤ ልቅሶው ግን ከንቱ አይደለም።

ዕንባውን ሁሉ ወደ ውስጥ የሚመልስ ሰው፥ ከዚያው ከአቃቂ በታች ያለውን የአባ ሳሙኤልን ግድብ ይመስላል። ይህ ግድብ በኢትዮጵያ በውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ቀድመው ከተሠሩት አንዱ ነው። ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዝ ከአዲስ አበባ ጭቃና ጥራጊ ይዘው እየወረዱ ወደዚያ ይገባሉ። ውኃው ሲቆም ጭቃው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ደለሉም ከዓመት ወደ ዓመት እየተከማቸ ሐይቁን አጠበበው። ማመንጫውም ብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ ኖረና በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ሥራ ጀመረ። በዳር ቆሞ ውኃውን የሚመለከት ሰው ግን ከታች ያለው ደለል አይታየውም። ዝም ያለ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ ዝም አለ ማለት ኀዘኑ አለቀ ማለት አይደለም።

ማልቀስ የፈሪ ነው የሚል ሰው ዐፄ ቴዎድሮስን ያስታውስ። በ1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች በሞቱ ጊዜ ንጉሡ መሪር ኀዘን አዘኑ፤ ስለዚህም ፈሪ ያላቸው የለም። በ1852 ዓ.ም. ደግሞ ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን ተገደለ፤ ጥቂት ቆይቶም ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው ጆን ቤል በጦርነት ወደቀ። ንጉሡ አዘኑ፥ ተቈጡም፤ በቍጣቸውም ብዙ ምርኮኞችን አስገደሉ። በዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ስለ ወዳጆቻቸው ማዘናቸውና መቈጣታቸው ነውር አልነበረም፤ ነውሩ በተማረኩት ሰዎች ላይ የሠሩት ሥራ ነው።

ልጅም ጓደኛው እርሳሱን ቢሰብርበት ይቈጣል። «ተቈጥቻለሁ» ብሎ ቢናገር ጥፋት የለበትም፤ ድንጋይ ቢያነሣ ግን ጥፋት ነው። ታናሽ እኅቱ ታማበት በሌሊት እንቅልፍ ያጣ ልጅም ፍርሃቱን ለአባቱ ወይም ለአያቱ ይንገር። አባትም አትፍራ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ከሚያዞር ይልቅ «እኔም ፈርቻለሁ ልጄ፤ ና፥ አብረን እንቀመጥ» ቢለው ይሻላል።