ዘይቱ የሚንጠባጠበው ከታች፣ ምንጩ ያለው ከላይ

ከአዲስ አበባ አስኮ መናኸሪያ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ በሚገባው መስመር የሚሠራ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጭቅጭቅ አለ። ሚኒባሱ ጋራዥ ይገባል፣ ታይሚንግ ቺንጋው ይቀየራል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ መኪናው ወደ ሥራ ይመለሳል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞተሩ ሥር መዳፍ የምታህል ጥቁር እድፍ መሬት ላይ ትታያለች። ባለንብረቱ "አንተ ሳትነካው ደህና ነበር" ይላል። መካኒኩ "ድሮም ያፈስ ነበር፣ አሁን ጎንበስ ብለህ ስላየህ ነው" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ሞተሩን አጥቦ ያየ ግን ከሁለቱም የለም።

ይህ ጭቅጭቅ "ጥፋቱ የማን ነው?" በሚል ጥያቄ አያልቅም። የሚያልቀው "ዘይቱ ከየት ወጣ?" ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ጊዜ የሚከፍል ግን እምብዛም የለም። በአምቦም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ እንደ ተቀረው አገርም፣ ለዕቃ ይከፈላል፣ ለእጅ ይከፈላል፤ ለማጣራት ግን በአብዛኛው አይከፈልም። ከዘይቱ በላይ የሚያፈስሰው ይህ ልማድ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ የሚመስለው ሂሳቡ ስላልተሠራ ነው። ከአዲስ አበባ አምቦ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን አንድ ደርሶ መልስ ብቻ የሚሠራ ሚኒባስ 240 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 72,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሾፌሮች ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል የሚሏቸው የቶዮታ ሃያስ ናፍጣ ሞተሮች ታይሚንግ ቺንጋ በተለምዶ የሚቀየረው በ100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ የቤት መኪና በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ የሚያየውን ሥራ፣ የመስመር መኪና በ17 ወር ገደማ ያየዋል ማለት ነው። ቺንጋው ቶሎ ቶሎ በተቀየረ ቁጥር ስህተት የሚሠራበት አጋጣሚም ይበዛል።

ታይሚንግ ቺንጋ ኮሎ የሚባለውን ዋናውን የሞተር ዘንግ፣ ካምሻፍቱንና የናፍጣ ፓምፑን በአንድ ልክ የሚያሽከረክር፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ጎማ ደግሞ ዘይት አይወድም። ዘይት ያገኘው ቺንጋ ይለሰልሳል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ጥርስ ይዘላል ወይም ይበጠሳል። ያኔ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ የጥቂት ጠብታ ዘይት ጉዳይ የቴስታታ ሥራ ይሆናል። ይህ የሆነው ከአምቦ ወደ ጉደር ሲወረድ፣ አለዚያም ወደ ጌዶ ሲወጣ ከሆነ ደግሞ ከገንዘብ ያለፈ ነገር አለ። ሞተር ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም ከሞተር የሚያገኙት አጋዥ ኃይል ይጠፋል። መኪናው ሞልቶ፣ መንገዱ ጠምዛዛ ሆኖ፣ መሪው በድንገት ድንጋይ ይሆናል።

ደግነቱ ዘይት ሊወጣባቸው የሚችሉት ቦታዎች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ካምሻፍቱ ከላይ፣ ኮሎው ከታች ከሞተሩ በሚወጡበት ቦታ ፓራኦሊዮ አለ፤ ዘንጉ እየዞረ ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ማለት ነው። ከካምሻፍቱ በላይ የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን አለ። ከታች ደግሞ የዘይት ፓምፑና የኮፓው መጋጠሚያ ይገኛሉ። በናፍጣ ፓምፑ ዘንግ በኩል የሚወጣው ናፍጣ እንጂ የሞተር ዘይት አይደለም፤ ሽታውም ይለያል። የፈሰሰው ምን እንደሆነ በጣት ነክቶና አሽትቶ መለየት የምርመራው ሀሁ ነው።

ችግሩ ዘይት አንድ ቦታ ተቀምጦ አይጠብቅም። ከላይ የወጣው በሞተሩ ፊት ወርዶ በቺንጋው ሽፋን ውስጥ ይጠራቀማል፣ የማራገቢያው ነፋስ ወደ ኋላ ይበትነዋል፣ በመጨረሻም ከኮፓው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው "ኮፓው ነው" ይላል። ኮፓው ይወርዳል፣ ሲሊኮን ይቀባል፣ ይመለሳል፤ ዘይቱም ይቀጥላል። የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚነግረው ዘይቱ የት እንደጨረሰ እንጂ ከየት እንደጀመረ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በመጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ቺንጋ ሲቀየር የፈሰሰ አሮጌ ዘይት ሽፋኑ ውስጥ ቀርቶ ለቀናት ሊንጠባጠብ ይችላልና፣ ሳይታጠብ የተሰጠ ፍርድ ሁሉ ግምት ነው። ቀጥሎ የዘይቱ ልክ ይታያል፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ አለመደፈኑ ይረጋገጣል። መተንፈሻው ከተደፈነ በውስጥ የሚታመቀው ግፊት ደህናውን ፓራኦሊዮም ያስለቅሳል፤ አዲስ ቢገባም ያው ነው። ከዚያ የተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ ከቺንጋው ርቆ ስስ የሕፃን ፓውደር ይነሰነሳል፣ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ይጠፋል፣ በባትሪ ይታያል። መጀመሪያ የረጠበው፣ ከሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው ቦታ ምንጩ ነው። የሞተሩ ፊት ደረቅ ሆኖ ዘይቱ በሞተርና በካምቢዮ መገናኛ ብቻ ከወጣ ግን፣ ቺንጋ የቀየረው መካኒክ ያልነካው የኋላው ፓራኦሊዮ ነው። ስለዚህ ማጣራት ባለንብረቱን ብቻ አይጠቅምም፤ መካኒኩንም ከሐሜት ያድነዋል።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛ፣ "ገና ነው" ተብሎ አሮጌው ፓራኦሊዮ ሳይቀየር ቀርቷል። ሁለተኛ፣ አዲሱ ገብቷል፤ ግን በመዶሻ እየተመታ ጠሞ፣ ወይም ከንፈሩ ዘይት ሳይቀባ ታጥፎ ገብቷል። ሦስተኛ፣ አሮጌውን በካቻቢቴ ሲፈነቅሉ ዘንጉ ተጭሯል፣ አለዚያም ዘንጉ ከዓመታት ብዛት ቦይ አበጅቷል። ለሦስቱም መፍትሔ አለ፤ ልኩ በሆነ ቧንቧ እኩል ገፍቶ ማስገባት፣ ወይም ከንፈሩ ያልተበላው የዘንጉ ክፍል ላይ እንዲያርፍ ቦታውን በትንሹ መቀየር። ሲሊኮን ግን ለሦስቱም መልስ አይደለም። የበዛ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተቆርሶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል፤ ፍሳሽ ለማቆም የገባው ነገር ሞተሩን ያለ ዘይት ያስቀረዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ታዲያ መንገዱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን አይኬድበትም? ለመካኒኩ ስንፍና መስጠት ቀላል ነው፤ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የጋራዥ ቋንቋ ለእያንዳንዱ ነገር ስም አለው፦ ቺንጋ፣ ፓራኦሊዮ፣ ኮፓ፣ ብሎን። ከጣሊያን የመጡት እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው ዋጋ አላቸው። ግማሽ ቀን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጠብቆ "ምንጩ እዚህ ነው" ላለ ሰው ግን የሚከፈል የታወቀ ዋጋ የለም። "ምን ሠራህ? አየህ እንጂ!" ይባላል። ስለዚህ መካኒኩ የሚከፈልበትን ይሠራል፤ ዕቃ ይቀይራል። ግምቱ ከተሳካ እሰየው፤ ካልተሳካ ሌላ ዕቃ ይቀየራል።

ሾፌሩም የራሱ እውነት አለው። መኪናው በቆመበት ቀን ለባለንብረቱ የሚገባ ገቢ የለም፣ የረዳቱም እንጀራ ይቋረጣል። "ግማሽ ቀን ለማየት ብቻ?" ሲል ቅንጦት መስሎት አይደለም፤ ቸግሮት ነው። ነገር ግን በግምት የተጠገነ መኪና ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለሳል። አንድ ግማሽ ቀን ተቆጥቦ ሦስት ሙሉ ቀን ይከፈላል።

ዘመኑም ለግምት ቦታ እያጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከሶማሌ ተራ ለሚገዛ መለዋወጫ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገዛ ሰው ያውቀዋል። የክልከላውን ልክነት መከራከር ይቻላል፤ ዛሬ በመስመር ላይ ያለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ግን ገና ብዙ ዓመት መሥራት እንዳለበት መከራከር አይቻልም። አዲስ መግዛት ያልቻለ አገር ያለውን መጠገን በደንብ መቻል አለበት፤ ጥገና ደግሞ የሚጀምረው ከማወቅ ነው።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ጋራዦች የምርመራን ዋጋ ከጥገናው ለይተው በግልጽ ይለጥፉ፤ ባለንብረቶችም ሳያጉረመርሙ ይክፈሉ። ታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር የፊት ፓራኦሊዮዎች አብረው መቀየር ልማድ ይሁን፤ ዋጋቸው ያንን ሁሉ ዳግመኛ ከመፍታት ጋር አይወዳደርም። የተቀየረው ዕቃና የኪሎ ሜትሩ ልክ በወረቀት ይጻፍ፣ አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። መኪናው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱም ወገኖች ታጥቦ የደረቀውን ሞተር አብረው ይዩት፣ በስልክም ፎቶ ያንሱት። ያኔ "ድሮም ያፈስ ነበር" እና "አንተ ነካክተህ ነው" የሚባሉት ሁለት ክሶች ማስረጃ ይኖራቸዋል። የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ተማሪውን ዕቃ በመፍታትና በመግጠም ብቻ ሳይሆን ምንጩን በማግኘትም ይፈትኑት። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ያለ ነገር ነው፤ በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ምርመራ ግን በየ17 ወሩ የሚፈታ ሞተርን ሊጠብቅ አይችልም። ያንን የሚጠብቀው የጋራዡ የዕለት ልማድ ነው።

አስኮ ላይ ተሳፍሮ አምቦ የሚወርደው መንገደኛ ስለ ፓራኦሊዮ ማወቅ አይጠበቅበትም። እሱ ትኬቱን የቆረጠው የሚያውቁ ሰዎች አይተውታል ብሎ አምኖ ነው። ያንን እምነት ለመጠበቅ የሚከፈለው ዋጋ አንድ ግማሽ ቀን፣ አንድ ጨርቅና ጥቂት ፓውደር ብቻ ከሆነ፣ ውድ ነው የሚል ማን ነው?